ለድኩላና ለከርከሮ ደም የላም ኪት ልትገዛ ላልከው ወንድሜ

«ከጎሽ፣ ከድኩላና ከከርከሮ ደም ወስደን የአፍማዝ አንቲቦዲ ልናይ ነው፣ ለላም የተሠራው ኪት ይሆነናል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ለማያውቅ፦ አፍማዝ የአፍና የእግር በሽታ ነው፣ አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት የሚሠራው መከላከያ፣ ኪት ደግሞ የምርመራው ዕቃ።) እኔን ያቃጠለኝ ይሄው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብህ።

1. ዋጋውን ተወውና መጀመሪያ አሠራሩን ጠይቅ። እኛ የገዛነው ኢንዳይሬክት ኤላይዛ (ኤላይዛ አንቲቦዲን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው) ነበር፣ ርካሽ ነው ተብለን። እዚያ ውስጥ ቀለም የሚያመጣው ኮንጁጌት የተባለው ፈሳሽ የላምን አንቲቦዲ ብቻ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ጎሹ የከብት ዘመድ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረም። የድኩላው ፈዘዝ አለ። የከርከሮው ግን ንጹሕ ውሃ! እኛ ሞኞቹ «እሰይ፣ ከርከሮው ነጻ ነው» ብለን ሪፖርት ጽፈን አስገባን። ለካ ኪቱ የከርከሮን አንቲቦዲ ጭራሽ አያየውም። ያንኑ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ) ኮምፔቲቲቭ በሚባለው ሌላ ዓይነት ኤላይዛ ስንደግመው ነው ጉዱ የወጣው፣ ሪፖርቱን የሳብኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ኮምፔቲቲቩ የእንስሳ ዝርያ አይመርጥም፤ የእንስሳው አንቲቦዲ ቀለም ከሚያመጣው የኪቱ አንቲቦዲ ጋር ለአንድ ቦታ ይሻማል። ቀለሙ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደማቅ ቢጫው ኔጌቲቭ፣ የነጣው ፖዘቲቭ። አብሮን የሚሠራው ልጅ ቢጫ በቢጫ የሆነ ሳህን አይቶ «ሁሉም ተይዘዋል» ብሎ ሲጮህ ደም ግፊቴ ተነስቶ ነበር። ደግሞ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መለያው ቁጥር የወጣው ከቤት እንስሳት ስለሆነ፣ ጥቂቱን በቫይረስ ኒውትራላይዜሽን (ሴረሙ ቫይረሱን ማምከኑን በሚያይ ምርመራ) አረጋግጥ።

2. ደሙ ሳይረጋ በረዶ አታስነካው። እኛ ቸኩለን በረዶ ላይ ደረደርነው፣ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሴረሙ የቀይ ሥር ውሃ መስሏል። ጥላ ውስጥ ይርጋ፣ ከዚያ ሴረሙን ለይተህ ቀዝቃዛ ውስጥ ክተት። ማደንዘዣ የተወጋ ድኩላ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥህም። እሱን ለመያዝ ስንት ለፍተህ!

3. ዕድሜውን ጻፍ። ግልገሉ ከእናቱ ወተት ያገኘው አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ያስመስለዋል። ፈቃዱን ደግሞ... ኧረ ይሄስ ምክር ሳይሆን እሮሮ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ ደብዳቤያችንን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ጎሹ ታሟል? ካልታመመ ለምን ትወጉታላችሁ?» አለን። አንቲቦዲ የሚያሳየው ያለፈውን መጋለጥ ነው፣ የዱር እንስሳ ስለማይከተብ የሚገኝበት አንቲቦዲ ከቫይረሱ የመጣ ነው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የደስታ በሽታም (ሪንደርፔስት የሚባለው የከብት ወረርሽኝ) በመጨረሻው ላይ የታሰሰው እንዲህ ጭምር ነው ብዬ ባስረዳው «ነገ ና» አለኝ። ነገው ወራት ሆነ። አንተ እንዲህ አድርግ፦ የማመልከቻህ የመጀመሪያ መስመር ስለ ከብቶች ይሁን። የአፍሪካ ጎሽ ሳት (SAT) የሚባሉትን ሦስት የአፍማዝ ቫይረስ ዓይነቶች ሳይታመም ለዓመታት ይሸከማል፣ ለከብትም ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ይሄንን አስቀድመህ ጻፍለት። እኛም ደብዳቤውን እንዲህ ገልብጠን ስንጽፈው ነው ያ ሰውዬ ቀና ብሎ ያየን።

ብቻ ፖዘቲቭ ያገኘህ ዕለት «ጎሹ ቫይረስ ይዟል» ብለህ እንዳትጽፍ። አንቲቦዲ አለው ማለት ቫይረሱ ዛሬም አለበት ማለት አይደለም። እሱን የሚፈልግ ከጉሮሮው ናሙና ይውሰድ።

ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት የኪቱን መመሪያ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ኮንጁጌት የሚለውን መስመር አብረን እናየዋለን።