ፊደል አናት ላይ ያለችው ጭረት

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። በፈረንሳይ ስሞች ውስጥ ያለውን፣ አናቱ ላይ ጭረት ያለበትን የላቲን «ኢ» (é) እንዴት ልጻፈው? አልት ይዤ 233 ስመታ ሌላ ምልክት ይመጣል።

መልስ፦ የጎደለችው ዜሮ ናት። ዊንዶውስ ያለ ዜሮ የገባውን ቁጥር ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት፣ በዶስ፣ የድሮ የፊደል ቁጥሮች ሰንጠረዥ ያነበዋል። ኑም ሎክን ያብሩ፤ የግራውን አልት ሳይለቁ በቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች 0233 ይምቱ፤ ከዚያ አልትን ይልቀቁ። ለትልቁ ፊደል 0201 ነው። ከፊደላቱ በላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ለዚህ አይሠሩም።

የቁጥር ክፍል በሌለው ላፕቶፕ፣ ወርድ ላይ ኮንትሮልንና ነጠላ ጥቅስን አብረው ተጭነው ይልቀቁ፤ ቀጥሎ «ኢ»ን ይምቱ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት።

የሰው ስም ነውና ጭረቷ አትቅር። ፓስፖርቱ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች ግን ጭረት አያሳዩም፤ ስሙን ከላይኛው ክፍል ይቅዱ።