ዘመድ ከአሜሪካ ፊልተር ሊያመጣልሽ ነው? ቆይ አንዴ!

በዚህ ወር ከመጡልን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አንድ ዕቃ ሆኑብን፤ አኳሪየም (የዓሳ መስታወት ገንዳ) ጀርባ ላይ ስለሚንጠለጠለው ፊልተር፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያ። ስለዚህ ገጹን ለዓሳ ለቀቅነው። የውሻና የድመት ወዳጆች፣ የሚቀጥለው ወር የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቼ ሲያስቸግሩኝ አምና አኳሪየም ገዛሁ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጎልድፊሽ አሉኝ፤ እነዚያ ሆዳቸው የተነፋው፣ ጅራታቸው የተንዠረገገው ዓይነት። ውሃው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፊልተር አለኝ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፣ ውሃውም ሳምንት ሳይሞላው ይደፈርሳል። አሁን ወንድሜ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ነው። «ከኋላ የሚንጠለጠለውን ላምጣልሽ፣ የቱን ልግዛ?» እያለ ፎቶ ይልክልኛል። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ዓሳ የሸጠልኝን ልጅ ብጠይቀው «ትልቁን አስመጪ፣ ካርትሪጁን (ውስጡ የሚገባውን ተቀያሪ ማጣሪያ) በየወሩ ቀይሪ፣ አለቀ» አለኝ። እውነት እንደዚህ ቀላል ነው? (የጎልድፊሾቹ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ገና አልገዛም አይደል? እንኳን አልገዛ። ስለ ትልቅና ትንሽ ከማውራታችን በፊት ሳጥኑ ላይ በደቃቁ የተጻፈችውን ያንብብልሽ። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያለው ፊልተር አብዛኛው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እንዲሁ ከሰካሽው ሞተሩ ይቃጠላል። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚችል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል፤ ፊልተር ግን አይችልም።

«ትራንስፎርመር እገዛለሁ» ትይ ይሆናል። ይሠራል፣ ግን ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን ብቻ ነው፣ ኸርዙ ያው 50 ነው። የእነዚህ ፊልተሮች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱ ኸርዙን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ በደቂቃ ሊያዞረው ከሚገባው ውሃ ከስድስት አንድ እጅ ያህሉ ይቀርበታል። ፊልተር ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ትራንስፎርመሩም አብሮት ሲግል ሊያድር ነው፣ ያውም ልጆች ባሉበት ቤት። እኔ ብሆን ወንድሜን «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ካገኘህ ግዛ፣ ካላገኘህ ለልጆቹ ጫማ ይዘህ ና» ነበር የምለው። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለሽ ይሻልሻል። የዱባይ መብራት ከእኛ ጋር ይገጥማል። ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም፣ እሱም በአዳፕተር ያልቃል።

አሁን ወደ መጠኑ። የአንቺ አኳሪየም ጢም ብሎ ሲሞላ 84 ሊትር ይይዛል። የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ስለሆነ 22 ጋሎን ነው በይው። ሳጥኑ ላይ «ለ20 ጋሎን» ሲል ግን ጥቂት ትንንሽ ዓሳ ለያዘ ቤት ነው የሚያወራው። ጎልድፊሽ እንደ በግ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ቀኑን ሙሉ ያቆሽሻል። ስለዚህ የጋሎኑን ነገር ተይውና በሰዓት ስንት ሊትር ያዞራል የሚለውን እዪ። ለተራ ዓሳ የአኳሪየሙን ውሃ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል ቢያዞር ይበቃል፤ ለጎልድፊሽ ግን ከስምንት እስከ አስር ጊዜ ቢሆን እመርጣለሁ። ያ ላንቺ በሰዓት ከ670 እስከ 840 ሊትር መሆኑ ነው። ለምሳሌ አኳክሊር 50 የሚባለው 757 ሊትር ይላል፣ ሲኬም ታይዳል 55 ደግሞ ወደ 1,000 ሊትር ይጠጋል። ሁለቱም ውሃውን ቀነስ የሚያደርጉበት አላቸው። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ ትንሽ የተጋነነ ነው፤ ስፖንጁ ሲገባና ቆሻሻ ሲይዝ ይወርዳል።

ልጁ ስለ ካርትሪጅ ያለሽን ግን እርሺው። ሻጭ ነው፣ አልፈርድበትም፣ በየወሩ የሚመለስ ደንበኛ የማይፈልግ ማን አለ? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዓሳ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ዓሳ ይገድላል። ከዚህ የሚያድኑሽ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሪ ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚኖሩት በብዛት ፊልተሩ ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። ካርትሪጁን አውጥተሽ ስትጥይ ሠራተኞችሽን ከነቤታቸው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልሻቸው ማለት ነው። እንደገና እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚቀጥለው «የወር መቀየሪያ» ይደርሳል!

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ዓሳ በጀመርኩበት ዓመት እንግዳ ሊመጣብኝ ሆነና ቤት ሳጸዳ ፊልተሩንም ፈታሁት። ስፖንጁን ቧንቧ ስር ይዤ፣ አዲስ እስኪመስል ጨምቄ አጠብኩት። እንግዶቹ ውሃው እንደ መስታወት ጠራ ብለው አደነቁ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ነጭ ሆነ፣ በአምስተኛው ሁለት ዓሳ ተገልብጠው አገኘሁ። በንጽህናዬ ነው የገደልኳቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን የተጨመረው ባክቴሪያ ለመግደል ነው፣ ሥራውን ሠራ። አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ነው። ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ይቅር።

ስለዚህ ወንድምሽ ካርትሪጅ የሚቀየርበትን ሳይሆን፣ ውስጡ ክፍት ሳጥን ሆኖ የፈለግሽውን የምትከቺበትን ይምረጥልሽ። ከላይ የጠራኋቸው ሁለቱ እንደዚያ ናቸው። ከታች ሻካራ ስፖንጅ፣ ከላዩ የሴራሚክ ቀለበቶች፣ በቃ። ካርቦን የሚሉት ጥቁር ከሰል አብሮ ሊመጣ ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። እኔ የማስገባው መድኃኒት ተጠቅሜ ስጨርስ፣ የቀረውን ከውሃው እንዲመጥልኝ ብቻ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ግን እንዳትከቺው፣ መድኃኒቱን ራሱን ይመጠዋል።

አሁን ለእኛ ሰፈር ዋናው ጥያቄ፤ መብራት ሲጠፋስ? ሳጥኑ ላይ ማንም አይጽፍልሽም እንጂ እኔ ፊልተር የምመርጠው በዚህ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠል ፊልተር ሲቆም፣ የፊልተሩ ሳጥን ውስጥ ያለው ውሃ በቱቦው ወደ አኳሪየሙ መመለስ ይጀምራል። አኳሪየሙ እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ውሃው ተኖ ጎድሎ ከሆነ ግን አየር ይገባል፣ ሞተሩ ያለ ውሃ ይዞራል፣ አንቺ ሥራ ቦታ ነሽ፣ ማታ ስትመለሺ የሞቀ ሞተርና የተቆጣ ዓሳ ይጠብቅሻል። እንደ ታይዳል ያሉት ፓምፓቸው የሚቀመጠው ውሃው ውስጥ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለባቸውም፣ መብራት እንደመጣ ራሳቸው ይነሳሉ። አኳክሊር ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ ግን ሞተሩ ከሳጥኑ ስር፣ ከአኳሪየሙ ውጭ ነው። እሱን ከመረጥሽ ውሃው እንዳይጎድል ጠብቂ፣ ካልተነሳም አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሳጥኑ ውስጥ አፍስሺበት። ቤት ውስጥ ሰው የማይውል ከሆነ እኔ ታይዳልን ነው የምልሽ።

ሁለተኛው ጉዳይ ባክቴሪያዎቹ ናቸው። እነሱም ይተነፍሳሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ኦክስጅኑ ያልቅና መሞት ይጀምራሉ፣ ውሃውም ይሸታል። መብራቱ እንደማይመጣ ሲገባሽ ስፖንጁን አውጥተሽ አኳሪየሙ ውስጥ ጣል አድርጊው። ሳታወጪው ከዋለ፣ መብራት ሲመጣ ፊልተሩን ከማስነሳትሽ በፊት ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ውሃ ድፊው፤ ያንን ዓሳዎቹ ላይ እንዳትለቂባቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ የእኛ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ጎልድፊሾቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያዛጉ ካየሽ በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሺባቸው። ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኘሽ ደግሞ ግዢ፤ ከትልቅ ፊልተር ይልቅ እሱ ነፍስ ያድናል።

ሳትረሺ፤ አኳሪየሙ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፊልተሩ የሚገባበት ቦታ የለም። ከኋላ ቢያንስ አንድ ጠፍጣፋ እጅ የሚያስገባ ክፍተት፣ ክዳኑም ላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሞልቶ ሳለ ደግሞ እንዳትጎትቺው! ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ወርዶ እንደገና ወደ ሶኬቱ ይውጣ፤ ውሃ በገመዱ ቢንጠባጠብ መሬት ላይ ይቀራል እንጂ ዲቫይደሩ ውስጥ አይገባም።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ፊልተር ወዲያው አትንቀዪው። አንድ ወር ሁለቱም አብረው ይሥሩ፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ አዲሱ ይሻገራሉ። በየሳምንቱም ከውሃው ሲሶውን ቀይሪ። ሁለት ጎልድፊሽ ለ84 ሊትር ጠበብ ይላል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ፊልተር አይፈታልሽም። ሦስተኛ እንዳትጨምሪ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው የምኖረው፣ አፓርትመንት። 5 ጋሎን አኳሪየም ውስጥ አንድ ቤታ የሚባል ዓሳ አለኝ። የሚንጠለጠል ፊልተር ብገዛለት ውሃው እየገፋው ጥግ ይዞ ቀረ። ደግሞ እናቴ በስልክ «ውሃውን አሳድረህ ነው የምትቀይርለት» ትለኛለች። እያሳደርኩ ነው፣ ግን ዓሳው ደስ አላለውም። (ብቸኛው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ልክ ናቸው፣ ግን ልክ የሆኑት አዲስ አበባ ላይ ነው። እዚህ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በባልዲ እናስቀምጣለን። ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ተኖ ይወጣል፣ ፈረቃው ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመን። ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን ግን ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ክሎራሚን ነው፣ ክሎሪንና አሞኒያ አንድ ላይ። እሱ ሳምንት ብታሳድረውም አይወጣም። የዓሳ ሱቅ ሄደህ ክሎራሚን ያጠፋል የሚል ጠብታ ግዛ፣ ውሃ በቀየርክ ቁጥር ጨምርበት። ክሎራሚኑ ሲፈርስ የሚቀረውን አሞኒያ የፊልተርህ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ስፖንጁን ቧንቧ ስር እንዳታጥብ የምንለው ለዚህም ነው።

ግፊቱን በተመለከተ፣ ቤታ የተንዘረፈፈ ቀሚስ ለብሶ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ነው፣ ክንፉ ይከብደዋል። ፊልተሩ የግፊት ማስተካከያ ካለው እስከ መጨረሻ ቀንሰው። ከሌለው የውሃ ሃይላንድ ቆርጠህ ውሃው ከሚወርድበት አፍ ስር ግጠምለት፣ ውሃው ወደ ጎን ተበትኖ ይወርዳል። የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይም ስፖንጅ አልብስ፣ አለዚያ ክንፉን ይይዘዋል። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ጥግ ከያዘ ፊልተሩን ሸጠህ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ግዛ። ለአንድ ቤታ እሱ ይበቃል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልተሬን ካጸዳሁት ወዲህ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስለሆነ ባለቤቴ ወይ እኔ ወይ እሱ እያለች ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ያለችውን ማግኔት የያዘች ትንሽ ማራገቢያ አውጣት። ስሯ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብትገባ እንኳ ያን ያህል ትጮሃለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሷንም ቀዳዳውንም አጽዳ፣ ስትመልሳት በደንብ መግባቷን እይ። ከዚያም የሚያንኮራኩር ድምፅ ካለው አየር ገብቶበታል፣ ሳጥኑን በእጅህ ትንሽ ዘንበል ዘንበል አድርገው። የፏፏቴ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ውሃው ጎድሎ ነው፣ ሙላው። ማራገቢያዋ ዘንጓ ላይ የምትወላከፍ ከሆነ አልቃለች፣ እሷን ብቻ ለይተው ይሸጣሉ። እስከዚያው ሳሎን ውስጥ የምትተኛው አንተ ነህ፣ ፊልተሩ ሌሊት አይጠፋም።