ሻጩ «8 ሰዓት ይቆያል» ያለሽ ላፕቶፕ

አንዲት እህት ከዚሁ ከሐዋሳ ጻፈችልኝ። ሥራዋ መረጃ መሰብሰብ ነው። የሳምንቱን ግማሽ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ አንዳንዴም በንሳ ድረስ ዘልቃ መጠይቅ ታስሞላለች። ማታ አልጋ የያዘችበት ቤት ቁጭ ብላ የቀኑን መረጃ ኤክሴል ላይ ታጸዳለች፣ አልፎ አልፎም ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ትከፍታለች። መብራት አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ያጠራቀመችው 45 ሺህ ብር ነው፣ በዚህ ብር የሚገኙ ሦስት ላፕቶፖችም አይታለች። አንዱ ከነካርቶኑ አዲስ፣ 15.6 ኢንች፣ ሴሌሮን የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም (ፕሮግራም ሲከፈት የሚሠራበት ጊዜያዊ ማኅደር)፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫ ያለው። ሁለተኛው ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ 14 ኢንች፣ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማስቀመጫ)። ሦስተኛው ያገለገለ ቲንክፓድ ኤክስ280፣ ትንሹ 12.5 ኢንች። «ወንድሜ፣ ሻጩ ሦስቱም ባትሪያቸው 8 ሰዓት ይቆያል አለኝ፣ የቱን ልውሰድ?» ትላለች።

እህቴ፣ ቲ480ውን ውሰጂ። ግን ባትሪውን ሳታይ ብር እንዳትከፍዪ። እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

መጀመሪያ ይቺን «8 ሰዓት» እንያት፣ ሰው በብዛት የሚሸወደው እሷ ላይ ነው። ባትሪ የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ባትሪው ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደብልዩ እና ኤች የሚሉ ፊደላት ታያለሽ። ያንን ቁጥር ላፕቶፑ ለሚስበው ዋት ስታካፍዪው የሚቆይበት ሰዓት ይወጣል። አንቺ ኤክሴል ስትሠሪ፣ የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ ላይ አድርገሽ፣ እንዲህ ያሉት ማሽኖች ከ7 እስከ 10 ዋት ገደማ ይስባሉ። ስለዚህ 48 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ በ8 ዋት 6 ሰዓት ይሄዳል። ብርሃኑን ጥግ አድርሰሽ ቪዲዮ ከፍተሽ፣ ኋላ ደግሞ ሌላ አሥር ነገር ከፍተሽ 15 ዋት ካስሳብሽው ግን 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ባትሪው ያው ነው። ሻጩ ስለ አንቺ አሠራር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚነግርሽ ሰዓት ምንም አይጠቅምሽም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ባትሪው አዲስ ከሆነ ነው። ቲ480ም ኤክስ280ም የወጡት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የሚሸጡት አብዛኞቹ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ቻርጀር ላይ ተሰክተው የኖሩ ናቸው። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ባይነካም ያረጃል፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይፈጥናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ስክሪኑ ላይ «100» የሚለው ቁጥር የባትሪውን ጤና አይናገርም። 20 ሊትር ጀሪካን ግማሹን ደለል ቢይዘው፣ ውሃ ስትቀጂበት አፉ ድረስ ይሞላል፣ «ሞልቷል» ትያለሽ፣ ቤት ስትገቢ ግን 10 ሊትር ነው። ያረጀ ባትሪም እንዲሁ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ መምህር በገዛ በሳምንቱ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። «100 ይላል፣ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላኝም» አለኝ። የባትሪውን ሪፖርት ሳወጣለት ሲመረት 50 ሺህ ሚሊዋት-ሰዓት (50 ዋት-ሰዓት ማለት ነው) የነበረው አቅም 17 ሺህ ቀርቷል። ሻጩ ሲሸጥለት 100ን አሳይቶታል፣ እሱም አምኖ ከፍሏል። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ይህንን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሪፖርቱን እንዲህ ታወጪዋለሽ። ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ ሲኤምዲ ብለሽ ጻፊ፣ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለሽ ጻፊ። ፓወር የሚለውን ቃል፣ አያይዘሽም ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ማለቴ ነው። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ተዪ፣ እዝባር (/) አድርጊ፣ ወዲያው «ባትሪሪፖርት» ብለሽ ሳትለያዪ ጽፈሽ ኢንተር ተጫኚ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግርሻል፣ ከፍተሽ ሁለት መስመር ብቻ ፈልጊ፣ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው ሲመረት የነበረው አቅም ነው፣ ሁለተኛው አሁን የቀረው። 48 ሺህ እና 36 ሺህ ካለሽ 75 ከመቶ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ከ80 በላይ ከሆነ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። ከ60 እስከ 80 ከሆነ ዋጋ አስቀንሳለሁ። ከ60 በታች ከሆነ ባትሪ እንደሌለው ቆጥሬ ነው የምከራከረው። ስድስት ሰባት ዓመት የሠራ ላፕቶፕ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው ከመጡ ደግሞ አትደሰቺ፣ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነውና ምን ዓይነት ባትሪ እንደገባለት ጠይቂ። ኮፒ ባትሪ ጥሩ ቁጥር እያሳየ ቶሎ የሚደክም አለ።

ስለዚህ በወሬም በቁጥርም ብቻ አትተማመኚ። ቻርጀሩን ንቀዪና እዚያው ሱቁ ውስጥ 30 ደቂቃ ሥሪበት። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው፣ ሻይ አዝዘሽ ቁጭ በዪ። ከ100 ተነስቶ 85 ከደረሰ ጠቅላላው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከ92 በታች ካልወረደ ሸጋ ነው። ቁጥሩ እየዘለለ ከ60 ድንገት 40 ከገባ ባትሪው ሞቷል።

አሁን ቲ480ውን ለምን እንደመረጥኩልሽ። ይህ ማሽን ሁለት ባትሪ ነው ያለው። አንዱ ውስጥ የተገጠመ 24 ዋት-ሰዓት ነው። ሌላው ከታች በእጅ የሚወጣ ሲሆን በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ላፕቶፑን ሳታጠፊ የታችኛውን አውጥተሽ ሌላ መክተት ትችያለሽ፣ ውስጠኛው እስክትቀይሪ ይይዘዋል። መብራት በሌለበት ቀዬ ለምትሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ትልቁ 72ቱ ከውስጠኛው ጋር 96 ይሆናል፣ በ8 ዋት 12 ሰዓት ማለት ነው። ከሥር ወጣ ብሎ ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ ያደርገዋል፣ ክብደትም ይጨምራል፣ ለአንቺ ግን ያዋጣል። ከሁሉ በላይ የታችኛው ባትሪ ሲያረጅ እኔ ዘንድ እንኳን መምጣት የለብሽም፣ ራስሽ ትቀይሪዋለሽ።

ኤክስ280 ቆንጆ ማሽን ነው፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ነው፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቢሮ ውሎ ቢሮ ለሚያድር ሰው እመክረዋለሁ። ባትሪው ግን አንድ ብቻ ነው፣ 48 ዋት-ሰዓት፣ ውስጥ የተገጠመ። ራሙም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። 8 ጊጋ ከገዛሽ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው። ዛሬ ኤክሴል ላይ 20 ሺህ ረድፍ የምታጸዳ ሰው ነገ ኤስፒኤስኤስ፣ ብሮውዘርና ቴሌግራም አንድ ላይ ትከፍታለች፣ ያኔ 16 ጊጋ ያስፈልጋታል። ቲ480 ሁለት የራም ቦታ አለው፣ ብር ስታገኚ ትጨምሪበታለሽ።

አዲሱን ሴሌሮን ተዪው። ካርቶኑና ሽታው ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን 4 ጊጋ ራም ከኤስፒኤስኤስ ጋር ያንቀራፍፍሻል። እንዲህ ባሉት ርካሽ ማሽኖች ላይ 64 ጊጋው ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ የሚባል ቀርፋፋ ማስቀመጫ ነው፣ ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ይይዘዋል፣ ማዘመኛ ሲመጣም ቦታ የለኝም ይላል። ካመጡልኝ ላሳድገው የምችለው ነገር እምብዛም የለም።

ስለ መጠን ብዙ የምለው የለም። 15.6 ኢንች ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ቻርጀሩን ስትጨምሪ ያልፋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭንሽ ላይ አይመችም፣ ባጃጅ ውስጥም ቦርሳው ይወጥራል። 14 ኢንች መሐሉ ነው። አንድ ነገር ግን ለ15.6ቱ ልመስክርለት፣ በቀኝ በኩል የቁጥር ኪቦርድ ስላለው መረጃ ለሚያስገባ ሰው ፈጣን ነው። 14ቱ ላይ ይሄ የለም። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የቁጥር ኪቦርድ ግዢ፣ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይገባል። የቲ480ውን ስክሪን ደግሞ ጥራቱን እዪ፣ 1366 በ768 የሆነም 1920 በ1080 የሆነም አለ። ሁለተኛውን ምረጪ። ያኛው ከጎን ሲታይ ይጠቁራል፣ ኤክሴል ላይም ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው የሚያሳይሽ።

ዋጋ ላይ። 45 ሺህሽን በሙሉ ላፕቶፑ ላይ እንዳትጨርሺው። ለባትሪ የሚሆን ለይተሽ አስቀምጪና በቀረው ተከራከሪ። የባትሪ ሪፖርቱ ደካማ ከሆነ ለሻጩ አሳዪው፣ «ይህንን ለመቀየር ይህን ያህል አወጣለሁ፣ ቀንስልኝ» በዪው። አብዛኛው ይቀንሳል፣ እሱም ያውቀዋልና። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ወደ ሱቁ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ቦታ ጠይቀሽ ያዢ።

ፕሮሰሰሩንም አንብቢ። ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ይጀምር፣ ለምሳሌ 8250 ወይም 8350፣ መጨረሻው ላይም ዩ የሚል ፊደል ይኑረው። ዩ ማለት ትንሽ መብራት የሚበላው ዓይነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን (ቁጥሩ በ8 ከሚጀምረው ትውልድ) ጀምሮ ነው። በ6 ወይም በ7 የሚጀምረው ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደህና ባትሪ ያለው ቲ480 ካጣሽ ዴል ላቲትዩድ 7490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ፈልጊ። ሁለቱም 14 ኢንች ናቸው፣ ራማቸው ይጨመራል። የዴሉ ትልቁ ባትሪ 60 ዋት-ሰዓት ነው፣ የኤችፒው 50። ባትሪያቸው ውስጥ ቢሆንም በብሎን ነው የተያዘው፣ መቀየር ይቻላል።

ለመስክ ደግሞ ፓወር ባንክ አስቢበት። ቲ480 በታይፕ ሲ ቻርጅ ያደርጋል። ለስልክ የተሠራው 10 ዋት ፓወር ባንክ አያነሳውም። ፒዲ (ለላፕቶፕ የሚበቃ ኃይል በታይፕ ሲ የሚሰጥበት ዘዴ) የሚል ጽሑፍ ያለውና ቢያንስ 45 ዋት የሚሰጥ መሆን አለበት፣ 65 ቢሆን ይመረጣል። 20 ሺህ ሚሊአምፕ የተባለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ መንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ከ50 እስከ 60 ያህሉ ላፕቶፑ ይደርሰዋል። አንድ ሙሉ ማታ ያሠራሻል።

ከገዛሽ በኋላ ባትሪውንና ቻርጀሩን እንዴት እንደምትይዢ ሦስት ነገር ብቻ ልበልሽ። ሐዋሳ ስትሆኚ ቀኑን ሙሉ የምትሰኪው ከሆነ ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም አድርጊው፣ መስክ ልትወጪ ስትይ ማታውን ወደ 100 መልሺው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዪው፣ የበጋ ከሰዓት ሙቀታችንን ታውቂዋለሽ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪ። ብዙ የተቃጠለ ቻርጀር የሚመጣልኝ መብራት ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው።

ብር ከመክፈልሽ በፊት ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ማውሱ ያለበት ቦታ ወደ ላይ ካበጠ ውስጠኛው ባትሪ አብጧል፣ አትግዢው፣ አደገኛ ነው። ሁለቱንም የታይፕ ሲ ቀዳዳ በቻርጀር ሞክሪ። አጥፍተሽ አስነሺና ኤፍ1 ተጭነሽ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ የድሮው መሥሪያ ቤት ቁልፍ አልተነሳለትም ማለት ነው፣ ሻጩ ፊትሽ ካልከፈተው ተዪው። ደረሰኙ ላይ ከሥር ያለው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ፣ ዋስትናው ባትሪውን ይጨምር እንደሆነም አስጽፊ፣ ብዙዎቹ አይጨምሩም። ሪፖርቱን ስታወጪ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ቢሆንም አይቼ እመልስልሻለሁ።