በከተማ መናፈሻ ውስጥ ይህ ሁሉ እንስሳ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። በታላላቅ የዓለም ከተሞች መናፈሻዎች ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ብዛት ያለው የዱር እንስሳ እንደሚኖር በቅርቡ አነበብሁ፤ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ግን አልገባኝም። የምጠይቀውም ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ወንዝ ዳር ያለውን ጢሻ መንጥረን፣ ሣርና አበባ ተክለን የወጣቶች መናፈሻ ልናደርገው ተመካክረናል። ሌሊት ጅብ ስለሚጮህበትም ብዙ ሰው ይፈራዋል። ብንመነጥረው የምናጣው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ የምታጡት ነገር አለ።

ናይሮቢ ከከተማው ሕንፃዎች ሥር አንበሳና አውራሪስ የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመና 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ብሔራዊ ፓርክ አላት፤ በሙምባይም 104 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ደን ውስጥ ነብር ይኖራል። እነዚህ ሰፋፊ ጥብቅ ቦታዎች በመሆናቸው ብዙም ላያስደንቁ ይችላሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ነው። ስፋቱ 341 ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያውን በሕንፃ የታጠረና በሰው እጅ የተሠራ መናፈሻ ነው፤ ሆኖም ከ200 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ታይተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በሚያስተናግደው በዚህ መናፈሻ ውስጥ፣ ከረገፈ ቅጠል ሥር ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቀው፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 82 እግር፣ «መቶ እግር» ከሚባሉት ወገን የሆነ ትንሽ ፍጥረት መገኘቱ ይፋ ሆነ። ቅጠሉ በየዕለቱ ተጠርጎ ቢቃጠል ኖሮ ይህ ፍጥረት መኖሪያ አያገኝም ነበር።

ምክንያቱ የስፋት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ረጅም ጉዞ የሚያደርጉ ወፎች በኮንክሪት መካከል የሚያዩት አረንጓዴ ቦታ ያ ብቻ በመሆኑ ለማረፍና ለመመገብ እዚያው ይሰበሰባሉ። በአንድ መናፈሻ ውስጥ ረጅም ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር፣ ውኃና የበሰበሰ ግንድ ጎን ለጎን ሲገኙ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ነዋሪ ያስጠጋል፤ አድኖ የሚገድላቸው ሰውም የለም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል እርሱን የሚፈልገው እንስሳም አብሮ ይጠፋል። በሣርና በአበባ ብቻ የተሸፈነ መናፈሻ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለእንስሳት ባዶ ቤት ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእናንተ አካባቢ ደግሞ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ከጦሳ ግርጌ ካለችው ደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በዚህ አጭር ርቀት የደጋውም የወይና ደጋውም ዕፅዋትና አዕዋፍ ይገኛሉ። የቦርከና ወንዝም በኮምቦልቻ በኩል አልፎ የውኃ ወፎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል። ከመስከረም ወዲህ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ፣ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉ እንግዶችም አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ሆዷ ቢጫ የሆነችውንና ጅራቷን ሽቅብና ቁልቁል እያወዛወዘች በከብቶች እግር ሥር የምትሮጠውን ትንሽ ወፍ ሳያዩ አይቀሩም።

በጢሻው ውስጥ የፈረስ ዘንግ ካለ፣ አበባው ሲፈነዳ አንድ ማለዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው፣ ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላት የደጋ ወፍ የአበባውን ማር ለመቅሰም ትመጣለች። ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ደረቱ እንደ ሐምራዊ ሐር ያበራል። ወይራና ሾላ ካሉም ፍሬያቸውን የሚበሉ ወፎች ዘሩን ወስደው ሌላ ቦታ ስለሚጥሉት፣ ችግኝ ሳትገዙ ዛፍ ይተከልላችኋል። ባሕር ዛፍ ብቻ በበዛበት ቦታ ግን ከሥሩ የሚበቅለው ስለሚሳሳ፣ ይህን ያህል በረከት አይጠበቅም።

የጅቡን ስጋት አላቃልለውም፤ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ነውና። ሆኖም ጅብን ወደ ሰፈር የሚስበው በዋናነት የሚጣለው አጥንት፣ የእርድ ተረፈ ምርትና የሞተ ከብት ነው። ጢሻው ተመንጥሮ ቆሻሻው ከቀረ ጅቡ ከሌላ ስፍራ እየመጣ መብላቱን አይተውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ አስወግዱ፤ ከዚያም በእግር መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው አሻግሮ ማየት እንዲችል ሁለት ሁለት ሜትር ያህል መንጥሩ፣ ከተቻለም መብራት አስገቡ።

ሣሩንና አበባውን ለወጣቶቹ መቀመጫ በሚሆነው ሜዳማ ክፍል መትከል ትችላላችሁ። በወንዙ ዳርቻ ያለውን ጢሻ ግን፣ ክረምት ሲገባ አፈሩን ከጎርፍ የሚይዘውም እርሱ ስለሆነ፣ እንዳለ ተዉት። የረገፈውንም ቅጠል አታቃጥሉ፤ ከዛፎቹ ሥር ሰብስባችሁ አቆዩት።