በዝግመተ ለውጥ «ማመን» ይባላል?

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ቡና ላይ የብሎካችን ሴቶች «አንቺ ቅዳሴ የማይቀርሽ፣ እንዴት በዝግመተ ለውጥ ታምኛለሽ?» ብለው ያዙኝ። ለመሆኑ አነጋገሩ ራሱ ትክክል ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ስሕተት የለበትም። ጣጣው ያለው «በ» ላይ ነው። «ሌባው መስረቁን አመነ» ስንል እውነቱን ተቀበለ ማለታችን ነው። «በ» ስትገባ ግን ተስፋ መጣል፣ መመካት ይመጣል። ጸሎተ ሃይማኖት «በአንድ አምላክ በእግዚአብሔር አብ እናምናለን» የሚለው በዚህችው «በ» ነው። እርግጥ ስብሰባ ላይም «አላምንበትም» እንላለን፤ እዚያ ግን የምንገልጸው አቋም ነው። «በመሬት መዞር አምናለሁ» የሚል ሰውስ ሰምተው ያውቃሉ? «መሬት እንደምትዞር አውቃለሁ» ነው የሚባለው።

ጎረቤቶችዎ እንግዲህ ሳያስቡት ዳርዊንን ከአምላክ ጋር አፎካክረው ነው የጠየቁዎት። እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ ምን ብለው ቢመልሱ ያስወቅሳል።

እኔ ብሆን «እቀበለዋለሁ» ወይም «ማስረጃው አሳምኖኛል» እላለሁ። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በፈረንጆቹ 1996 ንድፈ ሐሳቡ ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ሲናገሩ እምነታቸውን አልጣሉም። እውቁ የዘረመል ተመራማሪ ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪም ኦርቶዶክስ ነበር። ዝግመተ ለውጥን የማይቀበል ክርስቲያን ሞልቷል፤ ያ ግን የሥነ መለኮት ክርክር ነው፣ በአንዲት «በ» አይፈታም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የምትለዋን ደግሞ ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው። ዝንጀሮማ የሩቅ ዘመድ ነው። እኛም የቋንቋ ሰዎች ሰፈር ይኸው ስሕተት አለ፤ «አማርኛ ከግዕዝ ተወለደ» ይባላል። አብዛኞቹ የቋንቋ አጥኚዎች ግን ግዕዝን የአማርኛ እናት ሳይሆን አክስት ያደርጉታል። ቋንቋዎችን በዘር ሐረግ ዛፍ መሣሉ ደግሞ ከዳርዊን የተቀዳ እንዳይመስልዎ። ጀርመናዊው የቋንቋ አጥኚ አውጉስት ሽላይኸር እንዲህ ያለውን ዛፍ ያወጣው በፈረንጆቹ 1853 ነው፤ የዳርዊን መጽሐፍ የታተመው በ1859። ሽላይኸር ኋላ መጽሐፉን ሲያገኝ ሐሳቡ ለቋንቋም እንደሚሠራ በ1863 ጻፈ።

ስለዚህ ፈተና ሲያወጡ «ከዝንጀሮ» የሚለውን ምርጫ መልስ አድርገው እንዳያስቀምጡብን አደራ።