ባስ ዓሣ በየወቅቱ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ብርዱ ለቀቅ ሲል ጥያቄ ይበዛል። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ስለ ላርጅማውዝ ባስ ከጠየቃችሁኝ አራቱን ዛሬ አንስቻለሁ።

«ማርች መጀመሪያ ላይ ቡርክ ሌክ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጓደኛዬ ኤፕሪል መጨረሻ እዚያው ቦታ አምስት አወጣ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ምንም አላጠፋህም፣ ውሃው ቀዝቅዞብህ ነው። ባስ የሚከተለው የውሃውን ሙቀት እንጂ ቀኑን አይደለም። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ፋራናይትን ሲያልፍ ከጥልቁ ወደ ዳር ይጠጋል። 60ዎቹ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ወንዱ በጅራቱ ጭቃውን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል። ፀሐይዋ ከጀርባህ ሆና ከዳር ብታይ፣ በጠቆረው መሬት ላይ ሰፌድ የሚያህል ነጣ ያለ ክብ ይታይሃል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ቀን ከሌት የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አይለያቸውም።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ጎጆ ላይ ያለውን አታጥምደው። በቀላሉ ይያዛል፣ እውነት ነው። ግን እሱ እጅህ ላይ እያለ ብሉጊል የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች እንቁላሉን ይጨርሱታል። ፈጥነህ ብትመልሰው እንኳ ባዶ ጎጆ ሊጠብቀው ይችላል።

«ጁላይ ላይ ከልጄ ጋር ቀትር ላይ ሦስት ሰዓት ቆምን። አንድም አልነካልንም።»

እህቴ፣ ሰዓቱን ቀይሪው። በበጋ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚበላው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱና ከሣሩ ጫፍ ላይ የጎማ እንቁራሪት ጣሉ። ትንሽ ጎተት፣ ከዚያ ዝም። ድንገት ውሃው ቧ ብሎ ይከፈታል፤ ልጅሽ ያንን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ቀትር ላይ መሄድ ግድ ከሆነ ጥላ ፈልጊ፦ የጀልባ መቆሚያ ሥር፣ የወደቀ ዛፍ ሥር።

«በብርድ ወራት ጨርሶ አይያዝም?»

ይያዛል። ሰውነቱ ስለሚቀዘቅዝ ግን ትንሽ ይበላል፣ ሩቅም አያሳድድም። 39 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ከሁሉም ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ላዩ በረዶ ሲሠራ ሞቅ የሚለው ታቹ ነው። ጂጉን (ጭንቅላቱ ላይ ክብደት ያለውን መንጠቆ) መሬት አስነክተህ በጣም ቀስ እያልክ ጎትት። ከዚያ በፊት ያለው መጸው ግን እንዳያመልጥህ፤ ትናንሽ ዓሦችን ተከትሎ ወደ ገባሮቹ ወንዞች ይገባል፣ ያገኘውንም ይውጣል።

«ጡረታ ወጥቼ ነው የጀመርኩት። ያጠመድኩትን መብላት እችላለሁ?»

አባቴ፣ መጀመሪያ ግዛትዎ ለዚያ ውሃ ያወጣውን የአመጋገብ ማሳሰቢያ ይመልከቱ። ባስ ሌሎች ዓሦችን ስለሚበላ ሜርኩሪ ይከማችበታል፣ በትልልቆቹ ደግሞ ይብሳል። ትንንሾቹን፣ ያውም አልፎ አልፎ ይብሉ። ትልቁን በረጠበ እጅ ይያዙት፣ ሆዱን ከታች ደግፈው ወደ ውሃው ይመልሱት። ፈቃድ ማውጣትም አይርሱ፤ የቨርጂኒያው ሜሪላንድ ውስጥ ባሉ ሐይቆች አይሠራም።