መግባቱ ብቻ አይበቃም፦ ስለ 410 ሾትገን ጥይትና ስለሚነክስ ቀለህ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ የሸክላ ዒላማ መተኮስ ጀምራችሁ 410 የሚባለውን ቀጭን አፈሙዝ ያለው ሾትገን ለያዛችሁ ነው። ትከሻ ስለማይመታ የጀማሪ መሣሪያ ይሉታል፤ እኔ ግን አልስማማም። እርሳሱ ጥቂት፣ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። በአሜሪካ አምራቾች መስፈርት የተለመደው ባለ 2¾ ኢንች 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል) ጥይት የግፊት ጣሪያው 11,500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲሆን፣ የባለ 3 ኢንቹ 410 ግን 13,500 ነው።

ጥይት ከመግዛታችሁ በፊት አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። 410 ባለ 2½ እና ባለ 3 ኢንች ጥይት አለው። ባለ 3 ኢንቹ የመጣው በ1933 ከዊንቸስተር ሞዴል 42 ጋር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ጠመንጃ ላይ አትመኑ። ሞዴል 42 ራሱም ስኪት ለሚባለው የሸክላ ዒላማ ውድድር ሲሠራ መጉረሻው (ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል) 2½ የተደረገበት ጊዜ አለ። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ የሚጻፈው ርዝመት ከተተኮሰ በኋላ ያለው ነው። ያልተተኮሰው አፉ ታጥፎ ስላጠረ ባለ 3ቱ በ2½ መጉረሻ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ ወደ ጠባቡ አንገት ይገፋል፣ የእርሳሱን መውጫ ያጠባል፣ ግፊቱም ይንራል። ቀለሁ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ አልወጣ ይላል፤ ቢላቀቅም ረዝሞ መውጫው ላይ ሊጋደም ይችላል። አጭሩን በረጅሙ መተኮስ ግን ይቻላል።

በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት ጥይት አትያዙ። 20 ጌጅ ቢጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፦ 12 ጌጅ ውስጥ ቢገባ አልፎ ይንሸራተትና ይሰነቀራል። ባዶ መስሎት ከኋላው 12 ያጎረሰ ሰው አፈሙዙ ይፈነዳበታል። 28 በ20 ውስጥም እንዲሁ ነው።

ቀለህ አልወጣ ሲል ብዙዎች መንጠቆውን (ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣውን ጥፍር) ይወቅሳሉ። መጀመሪያ የቀለሁን ጠርዝ እዩ። ተቦጭቆ ከሆነ መንጠቆው ስቧል፣ የያዘው መጉረሻው ነው፦ ዝገት፣ የፕላስቲክ ቅሪት ወይም የማይስማማ ጥይት። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ መንጠቆው ስቶታል፤ ጥፍሩ አልቋል፣ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ከሥሩ ቆሻሻ አለ። በፓምፕ (የፊት እጀታው በእጅ እየተሳበ በሚጎርስ ጠመንጃ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው፦ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አለመሳብ።

የቀለሁን ታች በማግኔት ሞክሩት። ከያዘው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ነሐስ በግፊት ከሰፋ በኋላ መልሶ ይሰበሰባል፤ ብረት ያን ያህል አይመለስም፤ ሻካራ መጉረሻ ውስጥ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ጥይቱን መቀየርና መጉረሻውን ማጽዳት ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ማሟሚያ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ለመጉረሻ በተሠራ የነሐስ ብሩሽ እያዞራችሁ ፈግፍጉት፣ በጨርቅ አድርቁት። ከመተኮስ በፊት ዘይት አይቅርበት፤ ዘይት ያለበት ቀለህ ግድግዳውን ስለማይዝ ጫናው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ድምፁ ደከም ካለ ወዲያው አቁሙ። ጥይቱን አውጡና አፈሙዙን ከኋላ በኩል እዩ፤ የእርሳሱ መያዣ መሐል ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቃታው ተስቦ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ።

የተተኮሰ ቀለህ ከነከሰ ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል በዘንግ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ በቢላዋ አትፈልቅቁት። ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ግን ዘንግ አታስገቡ፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጋችሁ የሜዳውን ኃላፊ ጥሩ፣ የቀረውን ለጠመንጃ ሠሪ ተዉለት።